ሽሮ ሜዳ ላይ የቀሚስ ጀርባ

ጥምቀት ሲቃረብ ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ፣ የአሜሪካ ኤምባሲን አልፎ ሽሮ ሜዳ ሲደርስ ግራና ቀኙ ነጭ ይለብሳል። ቀሚሱ በየሱቁ በር ላይ ተሰቅሏል፣ ነጠላው በገመድ ላይ ተንጠልጥሏል፣ መንገድ ዳር የሕፃናት ልብስ ተዘርግቷል። እንዲህ ባለ ሰሞን አንዲት ወጣት አንድ ሱቅ ገብታ ሁለት ቀሚስ አስወረደች። ሁለቱም ነጭ ናቸው፣ ሁለቱም ከደረት እስከ ታች የሚወርድ አረንጓዴና ወርቃማ መስቀል አላቸው። የአንዱ ዋጋ የሌላውን ሦስት እጥፍ ነው።

«ይሄ የእጅ ነው?» አለች ርካሹን ይዛ።

«አዎ እናቴ፣ የእጅ ነው።»

«ያኛውስ?»

«እሱም የእጅ ነው።»

ትንሽ አስቀነሰችና ርካሹን ገዝታ ወጣች። ለምን ውዱን ትግዛ? ሁለቱም የእጅ ከሆኑ ሦስት እጥፍ የሚያስከፍለው ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ ከዚያ በኋላ ከአእምሮዬ አልወጣም። ባለሱቁ አልዋሸማ! ሁለቱም ጨርቆች ሸማኔ እጅ ላይ ያለቁ ናቸው። የሚለያዩት በጥበቡ ነው። የአንዱ ጥበብ ከጨርቁ ጋር አብሮ ተሸምኗል። የሌላው ጨርቁ ካለቀ በኋላ በማሽን ተጠልፎበታል። ልጅቷ የጠየቀችው ስለ ጨርቁ ነው፣ የገዛችው ግን ጥበቡን ወዳ ነው።

ባለሱቁ ሲያጥፈው

ልጅቷ ከወጣች በኋላ ባለሱቁ ውዱን ቀሚስ ወደ መደርደሪያው ሊመልስ አነሳው። ጥበቡ እንዳይቆሽሽ ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጦ ነው የሚያጥፈው። ሲገለብጠው መልሱ ባንኮኒው ላይ ተዘርግቶ ታየ። ያው መስቀል፣ ያው አረንጓዴ፣ ያው ወርቃማ፣ በጀርባውም በኩል አለ። የቅርጹ ጠርዝ ላይ ክሩ ዞሮ የተመለሰበት ትንንሽ እጥፋት ይታያል። እዚህም እዚያም አንድ ቀለም አልቆ ሌላው የተተካበት አጭር የክር ጫፍ ብቅ ብሏል። ዋጋው እዚያ ተጽፎ ነበር። ሻጩም አላሳየ፣ ገዢዋም አልገለበጠች።

የተሸመነ ጥበብ እንዲህ የሚሆነው በአሠራሩ ነው። ሸማኔው ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ውስጥ ሰዶ መርገጫውን ሲረግጥ ድሩ፣ ማለትም በቁመት የተወጠረው ክር፣ ይከፈታል። በተከፈተው መሐል መወርወሪያው ማጉን፣ ማለትም አግድም የሚገባውን ክር፣ ይዞ ያልፋል። ሜዳውን፣ ማለትም ጥበብ የሌለበትን ነጩን ክፍል፣ በዚህ ብቻ በፍጥነት ይሄድበታል። ጥበቡ ጋ ሲደርስ ግን መወርወሪያው ብቻውን አይበቃም። የድሩን ክሮች በጣቱ እየቆጠረ፣ ባለቀለሙን ክር ቅርጹ በሚያዘው ቦታ ብቻ ያስገባል፣ ይመልሳል፣ ከዚያ አንድ ማግ ወርውሮ ይመታዋል። አንዲት መስመር አለቀች ማለት ነው። ከዚያ ሁለተኛዋ፣ ሦስተኛዋ። የጥበቡ ወርድ አንድ መዳፍ ከሆነ መስመሮቹ ስንት እንደሚሆኑ ማሰብ ነው። አንድ ክር ተሳስቶ ከቆጠረና ቶሎ ካላየው መስቀሉ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ ማረሚያው እስከዚያ ድረስ ፈትቶ መመለስ ብቻ ነው። ሜዳው ሰፊ የሆነ ነጠላ በአንድ ሁለት ቀን ሊያልቅ ይችላል። ጥበቡ የበዛ የሙሽራ ቀሚስ ግን ሳምንታት ይፈጃል።

በቁጥር ስለሚሠራ የተሸመነ ቅርጽ ክብ ጠርዝ የለውም። አበባም ቢሆን፣ መስቀልም ቢሆን፣ ቀረብ ብሎ ላየው ጠርዙ ደረጃ ደረጃ ነው። የማሽን ጥልፍ በአንጻሩ እንደፈለገው ይጠማዘዛል፣ ክብ ይሠራል፣ ሐረግ ይስባል። ስለዚህ ሳይገለብጡም ከፊት ለፊት የመጀመሪያው ምልክት ይሄ ነው። ለስላሳ ክብ መስመር ያለበት ጥበብ አልተሸመነም።

ሲገለበጥ ደግሞ ጥርጣሬው ያልቃል። የጥልፍ ጀርባ አብዛኛውን ጊዜ በነጭ የታችኛ ክር የተሸፈነ ነው፤ ከፊት አረንጓዴ የነበረው ከኋላ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ጥልፉ ሲሠራ ጨርቁ እንዳይሰበሰብ ከሥር የተደረገው ወረቀት መሰል ነገር ቅሪትም ይታያል፣ በጣት ሲነካ ይሻክራል። ዙሪያው ያለው ጨርቅ ትንሽ ተጨማዶ ከሆነ ስሱ ጨርቅ ጥልፉን መሸከም አቅቶታል ማለት ነው፤ ሲታጠብ ይብሳል። ሦስተኛው ዓይነት የታተመው ነው። ከፊቱ ደማቅ፣ ከጀርባው የደበዘዘ፣ ጣት ሲያልፍበት ምንም ክር የማይነካበት። ከውጭ የሚገባው የሐበሻ ልብስ መሰል ጨርቅ በብዛት ከዚህ ወገን ነው፤ በአገር ውስጥ ማሽንም ይሠራል።

እዚህ ላይ ጥልፉን ወይም ሕትመቱን ማንቋሸሽ አልፈልግም። ሸማ በየፈርጁ ይለበሳል። ለሦስት ዓመት ሕፃን፣ በሚቀጥለው ዓመት ለማይበቃው ልብስ፣ ሸማኔው ሳምንት የተቀመጠበትን ጥበብ መግዛት ግድ አይደለም። አሥር ሚዜ አንድ ዓይነት ማልበስ ያለበት ቤተሰብም ጥልፍ ቢመርጥ ልክ ነው። የሚያሳዝነኝ ገዢው ሳያውቅ ሲመርጥ ነው። መፍትሔው ጥያቄውን መለወጥ ነው። «የእጅ ነው?» ከማለት «ጥበቡ የተሸመነ ነው የተጠለፈ?» ማለት። እንዲህ ሲጠየቅ አብዛኛው የሽሮ ሜዳ ነጋዴ እውነቱን ይናገራል፤ እንዲያውም ደንበኛው ዕቃ እንደሚያውቅ ሲያይ ከኋላ መደርደሪያ የተሻለውን ያወርዳል።

ክሩን መያዝ

ከጥበቡ ቀጥሎ የሚታየው ሜዳው ነው። ገበያው ላይ በብዛት የሚሰሙት ሁለቱ ስሞች ፈትልና መነን ናቸው። ፈትል ለስለስ ያለ፣ ስስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። መነን ጠበቅ ያለ፣ ከበድ የሚል፣ ትንሽ የሚያብለጨልጭ። መነን ቅርጹን ይይዛል፣ ቶሎ አይጨማደድም፣ ለስፌት ይመቻል። ፈትል ሰውነት ላይ ይወርዳል፣ ይነፍሳል፣ ለሙቀት አገር ተስማሚ ነው፤ ነገር ግን ገበር ይፈልጋል።

በእንዝርት የተፈተለ ክር ወጥ አይደለም። ልቃቂቱ ላይ ሳለ ጀምሮ እዚህ ወፈር፣ እዚያ ቀጠን ይላል። ጨርቅ ሆኖ ሲወጣም በየቦታው ትንንሽ ወፍራም ጉብታ ይኖረዋል። አንዳንድ ገዢ ይህንን እንደ ጉድለት ቆጥሮ ዋጋ ያስቀንሳል፣ ፍጹም ወጥ የሆነውን ይመርጣል። ወጥነቱ ግን የፋብሪካ ክር ምልክት ነው። ዛሬ በብዙው ልብስ ላይ ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእጅ ፈትል ነው፤ ምክንያቱም ድሩ ተወጥሮ በመምቻው ሲፈተግ መቋቋም አለበት፣ የእጅ ፈትል ደግሞ ቶሎ ይበጠሳል። ስለዚህ ጉብታውን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ማየት የተለመደ ነው። በሁለቱም አቅጣጫ ካለ፣ ያ ብርቅ ነውና ዋጋው ቢጨምር አያስገርምም።

ጨርቁን ለመፈተን ሦስት ነገር ይበቃል። አንደኛ፣ ወደ ብርሃን አንስቶ ማየት። ክሮቹ እኩል ተራርቀው ካልተቀመጡ፣ አንዱ ጋ ጥቅጥቅ ሌላው ጋ ሳሳ ያለ መስመር ካለ፣ ሸማኔው አመታቱ ላይ ተቻኩሏል። ሁለተኛ፣ ሁለቱን አውራ ጣቶች ጎን ለጎን ጨርቁ ላይ አድርጎ ወደ ግራና ቀኝ ቀስ ብሎ መሳብ። ክሮቹ ተንሸራተው ክፍተት ከፈጠሩና ካልተመለሱ፣ ሲሰፋም እንዲሁ ይሸሻል። በብብትና በወገብ ላይ ክሩ ሳይበጠስ ስፌቱ ተከፍቶ የሚታየው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለውን ጨርቅ የወደደ ሰው ሰፊው በስፌቱ በኩል ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር እንዲተውለትና ጠርዙን እንዲያስርለት መንገር አለበት። ሦስተኛ፣ ጨርቁን በመዳፍ መካከል አሽቶ መዳፍን ማየት። ነጭ ዱቄት ከቀረ ሙጫው በዝቷል። ድሩ እንዳይበጠስ ሙጫ መቀባቱ የሽመናው አንድ ደረጃ ነው፣ ጥፋት የለውም። ሙጫው ሲበዛ ግን ሳሳ ያለ ጋቢ ጥቅጥቅ ያለ ይመስላል፤ አንድ ጊዜ ታጥቦ ሲመጣ ክብደቱ የት ሄደ ያሰኛል።

ጥጥ ይሁን አይሁን ለማወቅ ደግሞ ከዘርፉ አንድ ክር ጠይቆ መውሰድና ከሱቁ ወጥቶ በክብሪት ማቃጠል ነው። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድዳል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ በጣት ሲነካ የሚበን አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ቀልጦ ይሰበሰባል፣ ሲበርድ ጠንካራ ጥቁር ጠብታ ይሆናል። ለጥበቡ የሚገባው ባለቀለም ክር ግን ብዙ ጊዜ ጥጥ ስላልሆነ፣ ሙከራው በነጩ ክር ላይ ነው የሚሠራው።

ልክና ገበር

ቀሚስ በሁለት መልክ ይሸጣል፤ የተሰፋና ያልተሰፋ። ያልተሰፋው ከነነጠላው ተጣጥፎ የሚቀመጥ ጨርቅ ሲሆን፣ መጠኑን ሳይለኩ ዋጋ መነጋገር ልፋት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። የሸማ ወርድ በሸማኔው የእጅ ስፋት የተወሰነ ስለሆነ ከ1 ሜትር ያንሳል። ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት 140 ሴንቲ ሜትር የሆነች ሴት ለፊትና ለኋላ 280፣ ለሁለቱ እጅጌዎች 60 ያህል፣ ለመሰብሰቢያና ለስፌት ደግሞ 20 ብታስብ 3 ሜትር ከ60 ይመጣል። ታችው የሚሰፋ ክሎሽ ከፈለገች ይህ አይበቃም። ነጠላ ወይም ጋቢ መሐሉ ላይ ለቁመቱ የሚሄድ ስፌት ካለበት ቅር መሰኘት አይገባም፤ ሁለት ወርድ ተጋጥሞ ነው የሰፋው።

ብዙ ቀሚስ የሚበላሸው ቁመቱ ላይ ነው። ጥበቡ ታች ጫፍ ላይ የተሸመነ ቀሚስ ረዝሞ ቢገኝ ከታች አይቆረጥም፣ ዋናው ጥበብ እዚያ ነዋ! ከላይ ከወገብ ወይም ከትከሻ መፍታት ግድ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ደግሞ የደረቱ ጥበብ ከቦታው ይወርዳል። ስለዚህ ቁመት የሚለካው በዕለቱ የሚደረገውን ጫማ አድርጎ ነው።

ገበሩን ማን እንደመረጠው መጠየቅም ጥሩ ነው። ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል፤ ላላ ብሎ የተሸመነ ፈትል በሜትር ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ሊያጥር ይችላል። ፖሊስተር ገበር አያጥርም። ሁለቱ አብረው ተሰፍተው ሲታጠቡ ላዩ ወደ ላይ ይሰበሰባል፣ ገበሩ ከሥር ብቅ ይላል፣ ጫፉ ይጠቀለላል። መድኃኒቱ የጥጥ ገበር መምረጥና ጨርቁንም ገበሩንም ከመቆረጡ በፊት አንድ ጊዜ በቀዝቃዛ ውኃ ነክሮ ማድረቅ ነው። ሰፊዎቹ ይህን የሚዘሉት ስለማያውቁ ነው ብሎ ማሰብ ስህተት ነው፤ ጊዜ ስለሌላቸው ነው።

ጊዜ የሚጠፋው ደግሞ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ሁሉም ሰው ጥር መባቻ ላይ ስለሚያስታውሰው ነው። ገናና ጥምቀት 2 ሳምንት በማይሞላ ልዩነት ይመጣሉ፣ ተከትሎ የሰርጉ ወራት ይገባል። በዚያ ሰሞን አንድ ሰፊ የያዘውን ትእዛዝ በአንድ ሰው ዓይንና እጅ መጨረስ አይችልም፤ ለረዳት ያከፋፍላል፣ ሌሊት ይሰፋል፣ የቀጭን ፈትል ስፌት በወፍራም መርፌ ይበሳል። ከዚያ ወዲያ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ። ለጥምቀት የሚሆን ያልተሰፋ ጨርቅ ኅዳር ላይ መግዛት፣ ለእንቁጣጣሽ ደግሞ በሰኔ መጨረሻ፣ ዋጋውንም ስፌቱንም ያሻሽላል። ክረምት ላይ ከእንጦጦ የሚወርደው ዝናብ ከሰዓት በኋላ መንገዱን ባዶ ስለሚያደርገው ጠዋት መሄድ ነው። የልብሱ ትክክለኛ ቀለም በሱቅ አምፖል ሥር ስለማይታይም ጠዋት ይሻላል።

ከልብሱ ጎን

አሁን አሁን ወጣቶች ሽሮ ሜዳን ከበዓል ውጭም ያዘወትሩታል። ሰፊ እጅጌ ያለው አጭር ፈትል ከጂንስ ጋር፣ ባለዘርፍ ሻርፕ፣ ጨሌ፣ ዛጎል፣ የቆዳ ቦርሳ። ይህ አለባበስ በሌላው ዓለም ቦሄሚያን ከሚባለው ጋር ይገጥማል። በውጭም ቢሆን የኛው ፈትል መንገድ አግኝቷል፤ ሞዴሏ ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 የመሠረተችው ለምለም የተባለ የልብስ ድርጅት የኢትዮጵያን የእጅ ሽመና ለበጋና ለባሕር ዳርቻ ልብስ አውሎ ለውጭ ገበያ አቅርቧል። ሸማው አገር ሳይለውጥ ዘመን መለወጥ እንደሚችል ያየሁት በዚህ ነው።

ጌጡ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ብር ነው» ተብሎ የሚሸጥ መስቀል ሁሉ ብር አይደለም። ማግኔት ከሳበው ብረት አለበት፤ ካልሳበው ግን ብር ነው ማለት አይደለም፣ ነሐስና ናስም በማግኔት አይሳቡም። የተሻለው ቦታ ማንጠልጠያው ቀለበት ነው። ሰንሰለቱ እየፈተገው ቅቡ የተላጠበት ቦታ ቢጫ ካሳየ ከሥሩ ናስ ነው። ለአንገት ጌጥ የሚሸጠው ጠገራ ብር፣ ማለትም የማሪያ ቴሬዛ ሳንቲም፣ ደግሞ ልኩ የታወቀ ነው፤ ክብደቱ 28 ግራም ያህል፣ ከ1000 እጅ 833ቱ ብር። ላዩ ላይ ያለው 1780 የሚለው ዓመት የዕድሜው ማስረጃ አይሆንም፤ ሳንቲሙ ከዚያ በኋላም ያንኑ ዓመት እንደያዘ ለረጅም ጊዜ ተመትቷል። በኪስ ሚዛን ሲመዘን ከ28 ግራም በጣም ካነሰ መተው ነው። እውነተኛ ያረጀ የብራና ጽሑፍ ወይም የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት የሚያቀርብ ሰው ካለ ግን ዋጋ መጠየቅም አይገባም። ቅርስ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተጠበቀ ነው፤ ያለፈቃድ ከአገር ማውጣት ያስጠይቃል፣ ሕጉ ባይኖርም የአገር ንብረት ነው።

እጥበቱን ባጭሩ ልበል። ቀይ ጥለት በነጩ ላይ ሊለቅ ይችላል። ከመግዛት በፊት እርጥብ ነጭ ጨርቅ ጥለቱ ላይ ጫን አድርጎ ማቆየት፣ ቀለም ከሳበ ልብሱ ለብቻው በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ቶሎ ታጥቦ ይወጣል፣ ተዘፍዝፎ አያድርም። አይጠመዘዝም፣ በጥላ ይሰጣል። ወርቀዘቦ የገባበት ጥበብ የጋለ ካውያ ከነካው ይቀልጣል ወይም ይጠቁራል፤ ስለዚህ ስስ ጨርቅ ደርቦ በለብታ መተኮስ ነው።

የወረደው ዋጋ ማንን ይነካል

ወደዚያች ሦስት እጥፍ ልመለስ። ክርክር የገበያ ወግ ነው፤ «አስተያየት አድርግልን» ያላለ ገዢ፣ «አያዋጣኝም» ያላለ ሻጭ ሽሮ ሜዳ ላይ የለም። ይህንን ማንም አይከለክልም። ሆኖም ከሸማኔው እስከ ሱቁ ብዙ ጊዜ አንድ ሁለት ነጋዴ ይገባል። ባለሱቁ ኪራይ አለበት፣ ክር አቅራቢው ዋጋውን አይቀንስም፣ ሰፊው በቁራጭ ይከፈለዋል። ከነዚህ ሁሉ መካከል ሊጨመቅ የሚችለው የሸማኔው ቀን ብቻ ነው። ጥልፍ በደቂቃዎች የሚያወጣውን መስቀል እሱ በጣቱ ቆጥሮ ሲሠራ፣ ሁለቱ በአንድ ገመድ ላይ ጎን ለጎን ተሰቅለው «ሁለቱም የእጅ ነው» ከተባለ፣ ገበያው የሱን ጥበብ በጥልፍ ዋጋ እንዲተምን ተፈርዶበታል። ሁለት ሦስት ዓመት እንዲህ ከሄደ ልጁን ሽመና አያስተምርም።

ከሽሮ ሜዳ በስተጀርባ ባሉት የጉለሌ መንደሮች የሚሸምኑት ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከአካባቢው የመጡ ወይም የነሱ ልጆች ናቸው። ሙያቸው ያለበሰው ሕዝብ ለረጅም ዘመን «ቁጢት በጣሽ» እያለ ሰድቧቸዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ በአዋጅ እስከመከልከል ደርሰዋል። ስድቡ ዛሬ ቀንሷል። ዋጋ መንሳቱ ግን ሌላው የስድብ መልክ ሆኖ ይታየኛል። ጉዳቱ በአዋቂው ላይም አይቆምም። ከጋሞ ደጋ ሕፃናት ለሽመና ወደ አዲስ አበባ እየመጡ ከትምህርት ርቀው ረጅም ሰዓት ጉድጓድ አፋፍ ላይ እንደሚውሉ በተደጋጋሚ የተዘገበ ጉዳይ ነው። እጅግ ርካሽ የሆነ የተሸመነ ጥበብ ሲገኝ፣ ማን እንደሠራው መጠየቅ የገዢው ድርሻ ነው።

ከሸማኔው ጋር በቀጥታ መነጋገር የሚቻልበት መንገድ አለ፣ እንደሚታሰበውም አስቸጋሪ አይደለም። ብዙ ባለሱቆች የራሳቸው ሸማኔ አላቸው፤ ደንበኝነት ያፈራ ሰው አገናኙኝ ቢል ብዙዎቹ ያገናኛሉ፣ ኮሚሽናቸውን ይዘው። ለሸማኔው የሚሰጠው ፎቶ ብቻ መሆን የለበትም። ፎቶ ላይ የጥበቡ ወርድ አይታወቅም፣ ቀለሙም በስልክ መስታወት ይለወጣል። ከቀድሞ ልብስ የተረፈ ቁራጭ ወይም የክር ናሙና መስጠት፣ የጥበቡን ወርድ በጣት ወይም በሴንቲ ሜትር መስማማት፣ የሜዳውን ዓይነት፣ የነጠላውን ቁመት፣ የመረከቢያውን ቀን በወረቀት ማስፈር ይገባል። ቀብድ ይጠየቃል፤ ክር የሚገዛው በዚያ ስለሆነ ቅር አያሰኝም። ስለ ዋጋ ሲነጋገሩ ስንት ቀን እንደሚፈጅበት መጠየቅ ጥሩ ነው። ቀኑን ከሰሙ በኋላ የቀን ሠራተኛ በከተማው ስንት እንደሚያገኝ አስቦ ማካፈል ለማንም አይከብድም፣ ያን ጊዜ ክርክሩ ራሱ መልክ ይለውጣል።

ርክክቡ በቀን ብርሃን ይሁን። ጨርቁን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘርግቶ፣ የግራና የቀኝ ጥለቱ እኩል መድረሱን፣ ቅርጹ አንድም ቦታ አለመዝለሉን አይቶ ቀሪውን ሒሳብ መክፈል። ከተረፈው ባለቀለም ክር ጥቂት ጠቅልሎ እንዲሰጥ መጠየቅ፣ የሸማኔውን ስልክ ቁጥርም መያዝ ያስፈልጋል። ጥበብ በቀለበት ወይም በሰዓት ተጠልፎ አንድ ክር ሲሳብ ሰፊ አይጠግነውም፤ ያንኑ ክር፣ በዚያው አቆጣጠር መልሶ ማስገባት የሚችለው የሸመነው ሰው ነው።